ቁልፉ እትዬ አሰለፈች ዘንድ ነው

ሰኞ ጠዋት ሞገስ የቢሮውን ኮምፒውተር ከፍቶ ከሰኔ ወዲህ የተሠራው ሥራ ሁሉ በቦታው እንደሌለ ሲያይ፣ መጀመሪያ የጠረጠረው የራሱን ዓይን ነበር። ቀጥሎ ኔትወርኩን ጠረጠረ። ሰው መጠርጠር የጀመረው ረፋዱ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ማቆም አልቻለም።

ኢንስፔክተር አስናቀ ሲደርስ በሩ ላይ የቆሙት ሦስት ሰዎች ለቅሶ የመጡ ይመስሉ ነበር። ቤቱ ከደብረ ታቦር ገበያ በላይ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ ትንሽ ማኅበር አለበት። ማኅበሩ የደጋውን የሥራ ዘፈን ይሰበስባል፦ የአረሙን፣ የአጨዳውን፣ ደቦ የሚወጣበትን ሁሉ። ገበሬው በስልኩ አጭር ቁጥር ይደውልና የሚወደውን ዘፋኝ መርጦ ይሰማል። ከተቀዱት አዛውንት ግማሾቹ ዛሬ አፈር ለብሰዋል።

«አስናቀ፣ መጣህልኝ?» አሉ የማኅበሩ ኃላፊ አቶ ሙላቴ። አስናቀን በልጅነቱ ሒሳብ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ጡረታ ወጥተው እሱም ጸጉሩ ሸብቶ ሳለ፣ በፊታቸው ሲቆም እጁን ከኪሱ ያወጣል።

«ምን ተሰረቀ፣ ጋሼ?»

«አራት ወር» አሉት።

ነገሩን የዘረዘረው ሞገስ ነው፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ የማኅበሩ ፕሮግራም ሠሪ። «ጊት የሚባል መሣሪያ አለን። ማን መቼ ምን እንደለወጠ ይይዛል፤ የትናንቱን ቢፈልጉ ወደ ትናንት ይመልስዎታል። ዋናው ግምጃ ቤት ሩቅ አገር ያለ ሰርቨር ላይ ነው፤ የስልኩም መስመር ዘፈኑን የሚያወጣው ከዚያው ነው፤ ያለ ስምና ያለ የይለፍ ቃል አይገባበትም። ቅዳሜ አንድ ሰው ገብቶ ከሰኔ ወዲህ ያለውን ጠራርጎታል።»

«በማን ስም ገባ?»

ሞገስ መልሱን የፈራው መሰለ። «በሕሊና፤ አብራኝ ፕሮግራም በምትሠራው።»

በሩ ጥግ የቆመችው ሠናይት አንገቷን ደፋች። የዘፈኖቹን ግጥም እየሰማች የምትጽፈው እሷ ናት። በግንቦት እናቷ ካረፉ ወዲህ ከል ለብሳ ነው የምትውለው፤ ድሮም ቁጥብ የነበረች ልጅ አሁን ጭራሹን ድምፅ አጥታለች። አስናቀ እግዜር ያጥናሽ አላትና አለፈ።

የአስናቀ ረዳት ሳጅን ትእዛዝ የቢሮውን ኮምፒውተር ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቃ፣ ከሰዓት በፊት ሕሊናን ከነላፕቶፗ ጣቢያ አስገባቻት። ሳጅኗ ነገር ሲንዛዛ አትወድም።

«ኢንስፔክተር፣ መዝገቡን ይዝጉት» አለችው። «ከቢሮው የጠፋው ሁሉ በልጅቱ ላፕቶፕ ውስጥ አለ። አዲስ አበባ ሥራ አግኝታ በመጪው ሰኞ ልትሄድ ነበር። ሌባዋ ዕቃውን ታቅፋ ነው የተገኘችው።»

ሕሊና ከዩኒቨርሲቲው ተመርቃ እዚሁ የቀረች፣ ከአዳማ የመጣች ልጅ ናት። ስታለቅስ ሳይሆን ስትናደድ ነው ያገኛት።

«የጊት ጠባዩ ነው እኮ!» አለችው። «አብሮ የሚሠራ ሰው ሁሉ ሙሉው ታሪክ በእጁ ይኖረዋል። ላፕቶፔን ይስጡኝ፤ ሻይዎን ጠጥተው ሳይጨርሱ ሁሉንም እመልሰዋለሁ።»

«ማስረጃ ነው፤ አይነካም» አለች ትእዛዝ ከበሩ።

«ቅዳሜ የት ነበርሽ?» አለ አስናቀ።

«ቤቴ። አሞኝ ተኝቼ ነበር።»

«ባለባጃጁ መናኸሪያ ነው ያደረስኋት ይላል።»

ሕሊና ፊቷ ቀላ። «ወንዛዬ ወርጄ ነበር፤ ፍል ውሃው። ለጋሼ ሙላቴ ግን አሞኛል አልሁ። እንደ ልጃቸው ነው የያዙኝ፤ ልሄድ ነው ማለት አቃተኝ። እዚያ ተቀምጬ ልቤን ልጠይቀው ብዬ ነው የሄድሁት።»

የወንዛዬዋን አከራይ ሳጅን ትእዛዝ ወዲያው ደወለችላት። አዎ፣ ልጅቱ ቅዳሜን እዚያው ስትታጠብና ስትተክዝ ውላለች። ኮምፒውተር ይዛ ነበር ወይ? አከራይቷ የሰው ሻንጣ እንደማትከፍት አስታውቃ ስልኩን ዘጋች። እንግዲህ ይህ ምስክርነት ግማሽ ጎፈሬ ግማሽ ልጩ ሆነ።

«ከሰኔ ወዲህ የሠራሽው ምንድን ነው?»

«መጀመሪያ ድምፆቹን አጸዳሁ። ሳሉን፣ የውሻውን ጩኸት፣ ባዶውን ቦታ ሁሉ ቆርጬ ጣልሁ። ከዚያ የስልኩን መስመር አሻሻልሁ፤ ዘፈኖቹን በየወረዳው ለየሁ…» ድንገት ቁጣዋ ከዳት። «ኢንስፔክተር፣ የኔ ሥራ እኮ እምነት ነው። ስሜ በዚህ ከተነሳ ከእንግዲህ የቤቱን ቁልፍ የሚሰጠኝ ማን ነው?»

አስናቀ ገባው። ልጅቱ ሥራዋን ብቻ አልነበረም የምታጣው።

«የይለፍ ቃልሽን ማን ያውቃል?»

«ማንም። ባለፈው ሳምንት ግን በቢሮው ኮምፒውተር ሠርቼ ነበር፤ እዚያ የሚይዘው የሞገስ ‹አደራ› ነው።»

«ምን አደራ?»

«ጊት በገባን በወጣን ቁጥር የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ያሰለቻል። ስለዚህ ረዳት ፕሮግራም ይደረግለታል። ቃሉን አንዴ ለረዳቱ ይሰጡታል፤ ከዚያ ጊት ሲጠይቅ የሚመልስ እሱ ነው። ተሠርተው ያለቁ ሞልተዋል። ሞገስ ግን እኔ የራሴን እጽፋለሁ አለ፤ ጻፈ፤ አደራ ብሎም ሰየመው። ያለቀውን እንጠቀም ስለው ተኳረፍን።»

ሳጅን ትእዛዝ በመተላለፊያው ላይ ያዘችው። «ሰሙ? የሁሉም ቁልፍ ያለው ኩርፍተኛው እጅ ላይ ነው።»

ሞገስ የተጠረጠረው እሱ መሆኑን ሲረዳ እንደ ፈላ ድስት ተንተከተከ። ቃሎቹን አደራ ውስጥ ቆልፎ እንዳስቀመጣቸው፣ እሱ ራሱ እንኳ ሊያነባቸው እንደማይችል በአርባ አራቱ ታቦት ማለ። ቅዳሜስ? ቅዳሜ እብናት፣ የአጎቱ ተዝካር ላይ ነበር። ሳጅኗ እብናት ደወለች። ሞገስ ወጥ ሲያቀርብ ያላየው ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም አንድ ዘመዱ ጠላ ደፍቶብኛል ብሎ በስልክ ክስ አቀረበ።

አስናቀ ሲመሽ በእግሩ ወደ ቤቱ አዘገመ። አቋራጭ እያለ በአሮጌው ሰፈሩ በኩል የሚዞር ሰው ነው። እነሱ ቤት የነበረበት ላይ ዛሬ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ሥሩ የስልክ መሸጫ ነው። የጎረቤታቸው የእትዬ አሰለፈች ቤት በነበረበት ጎማ ይጠገናል። ትዝታ ግን ሊዝ አይከፍልም፤ እዚያው ተቀምጧል።

ያኔ እናቱ ገበያ ስትወርድ ቤቱን የሚቆልፈው እሱ ነበር፤ ቁልፉን እትዬ አሰለፈች ዘንድ ያኖራል። አንድ ቅዳሜ ወንድሙ ሀብታሙ ሹልክ ብሎ ሄደ፣ ቁልፉን ጠየቀ፣ ገባ፤ ለጾም ፍቺ የተቀመጠውን ማር ልሶ ልሶ ለአስናቀም በጣቱ አቀመሰው። ሁለቱ ከአጥር ጀርባ ተደብቀው ሳለ እናታቸው ከደጅ ቆማ «ሀብታሙ! አስናቀ!» እያለች ተጣራች። አፋቸው በማር ተጣብቆ መልስ አልሰጡም። ማታ ግን የተገረፈው አስናቀ ነበር። «ቁልፉን ያስቀመጥሁት በማን እጅ ነው? ባንተ!» አለች እናቱ። እትዬ አሰለፈችም ከአጥሩ ማዶ ሆነው «እኔ የቤቱ ልጅ መሆኑን እንጂ የትኛው መሆኑን ምን አጣራለሁ!» ብለው ማታውን ሙሉ ተንገበገቡ።

ሀብታሙ ዛሬ የለም፤ እናቱም የለችም። አሁን ሀብታሙ ተመልሶ ማሩን ቢበላለት አስናቀ ሁለት ጊዜ ይገረፍለት ነበር። ይህን እያሰበ ነው መንገድ መሃል ቀጥ ያለው። ከኋላው የመጣ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋበት።

«የቤቱ ልጅ መሆኑን እንጂ…» አለ ለራሱ።

ማግሰኞ ጠዋት ሞገስን የቢሮው ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠው። አቶ ሙላቴ ከኋላ ቆሙ። ሠናይት በወዲያኛው ክፍል ነበረች።

«አንድ ትንሽ ነገር ለውጥና ወደ ግምጃ ቤቱ ላክ» አለው። ከዚያ ወደ ጣቢያ ደወለ። «ትእዛዝ፣ ሕሊና የት ናት?»

«የት ትሄዳለች? ፊቴ ተቀምጣ ሻይ እየጠጣች ነው።»

ሞገስ አንዲት ነጥብ ጨምሮ ላከ። ጊት የይለፍ ቃል ጠየቀ፤ አደራ ከተፍ ብሎ መለሰ፤ ሥራው ሄደ። «አሁን የሰርቨሩን በር ክፈትና ማን ገባ እንደሚል አንብብልኝ።»

ሞገስ አነበበ። ደገመ። «ሕሊና ይላል።»

«ጣቢያ ሻይ የያዘችው?» አሉ አቶ ሙላቴ።

«አደራን ስትሠራው ምን ብሎ እንዲጠይቅ አደረግኸው?» አለ አስናቀ።

«የየትኛው ቤት ቁልፍ እንደሚፈለግ ብቻ ነው የሚያየው፤ ሰርቨሩን። ማን እንደጠየቀ… አያጣራም። መጨረሻ የተሰጠውን አንሥቶ ይሰጣል። መጨረሻ የሰጠችው ደግሞ ሕሊና ናት።» ሞገስ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ያለቁት ረዳቶች ስም ይጠይቃሉ። እኔ ግን፣ እዚህ ቤት ማን ማንን ይጠይቃል ብዬ ተውሁት። ሁላችንም አንድ ነን ብዬ!»

«የኔም ጎረቤት እንዳንተው ነበሩ» አለው አስናቀ። በልቡ ሊቆጣው አልቻለም። ሕሊና ንጹሕ መሆን ጀመረች፤ ይሁን እንጂ በዚህ ኮምፒውተር የተቀመጠ ሁሉ ሊሠራው የሚችል ወንጀል ሆነ።

«ጋሼ፣ የጠፋውን ለጊዜው እንተወው። የቀረው የት ላይ ነው የሚያበቃው?»

አቶ ሙላቴ መነጽራቸውን አጠለቁ። «ሰኔ ላይ። ሕሊና ድምፆቹን ከማጽዳቷ በፊት ባለው ቀን።»

«ልክ እዚያ ላይ?»

«ልክ እዚያው ላይ። ምነው?»

«ሊያጠፋ የመጣ ሰው ለምን እዚያ ላይ ያቆማል? ሁሉንም አይጠርገውም? ጋሼ፣ ይህ ሰው ሊያጠፋ አልመጣም። ሊመልስ ነው የመጣው።» ወደ ሞገስ ዞረ። «የስልኩን መስመር እይልኝ። ድምፆቹ ሲጸዱ መደወል ትቶ፣ ካለፈው ቅዳሜ በኋላ እንደገና የጀመረ ሰው አለ?»

ሞገስ ፈለገ። ብዙም አልቆየ። «አንድ አለ፤ ከጉና ሥር ነው። በየጠዋቱ ይደውል ነበር፤ በክረምቱ ተወው። እሑድ ደውሏል፤ ትናንትም፤ ዛሬም። ሁልጊዜ የሚመርጠው አሥራ ሰባተኛውን ዘፈን ነው።»

«ክፈተው። ሠናይትንም ጥራት፤ ሁላችንም እንስማው።»

ሠናይት መጥታ ከግድግዳው ተጠግታ ቆመች። ሞገስ ዘፈኑን ለቀቀው። መጀመሪያ የነፋስ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ የአንዲት ሴት ድምፅ፣ ያረጀ ግን ያልሰለለ፦

«የጉናው ገብሴ ውርጭ መታህ ወይ፣
ስጠራህ ዝም አልህ ራቅህብኝ ወይ?»

ከዚያ ምንም የለም። ነፋስ ብቻ፣ ከሩቅ የውሻ ጩኸት። ሞገስ ያለቀ መስሎት እጁን ሊዘረጋ ሲል አስናቀ ያዘው። የኢንስፔክተሩ ዓይን ሠናይት ላይ ነበር። በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ሳታስበው፣ ከንፈሯ ተላቀቀ።

«አለሁ» አለች በሹክሹክታ። «አለሁ ከጎንሽ።»

ሴትዮዋ መልሱን የሰማች ይመስል ቀጣዩን ስንኝ አወረደች። ሠናይት ሁሉም እንደሚያያት ስታውቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣለች።

«የሺ» አሉ አቶ ሙላቴ። «እናትሽ!»

«ተቀባይዋ አባቴ ናቸው» አለች ሠናይት። ንግግሩ ከጀመረ በኋላ ሊቆም አልቻለም። «ደቦ ላይ እሷ ስታወርድ የሚቀበሉት እሳቸው ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ። እናንተ ልትቀዱ የወጣችሁ ዕለት ታመው ተኝተው ነበር። እሷ ደግሞ ያለ ባሌ ያለ ይሻው አልዘፍንም አለች። የሳቸውን ቦታ እየተወች፣ እየጠበቀች ዘፈነች። ከሞተች ወዲህ በየጠዋቱ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ይወጡና ይደውላሉ። እሷ ታወርዳለች፤ እሳቸው ይቀበላሉ። በዚህ ነው የቆሙት።»

«ሕሊና ዝምታውን ቆረጠችው» አለ አስናቀ።

«ለመስቀል ወርደው መጡ። ‹ልጄ፣ እናትሽ ቸኮለችብኝ። አትጠብቀኝም› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እህል በአፋቸው አልዞር አለ። ለሕሊና ነገርኋት፤ ባዶ ቦታ ምን ያደርጋል ብላ ሳቀች። ክፋት አልነበራትም። እናቴ ናት ልላት ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝና ወጣሁ። ቅዳሜ ብቻዬን ነበርሁ። ጊት ወደ ኋላ እንደሚመልስ አውቃለሁ። ላከው ስለው እምቢ አለኝ። ሕሊና ስትሠራ በግድ ሲሉት እንደሚሰማ አይቼ ነበር፤ በግድ አልሁት። ለአባቴም ደወልሁና እንደገና ይሞክሯት አልኋቸው። የእናቴን ብቻ የመለስሁ መስሎኝ ነበር፣ ጌታዬ! የሁሉንም እንደጠረገ ያወቅሁት ሰኞ ነው። በሷ ስም መሆኑን ደግሞ እናንተ ስትናገሩ ሰማሁ። ትናንት ማታ ልመጣ ተነሥቼ ነበር፤ ከጣቢያው ደጅ ተመለስሁ።»

አስናቀ በሥራ ዘመኑ ብዙ ጥፋተኛ አይቷል፤ እንዲህ ወደ ኋላ ልሂድ ብሎ ያጠፋ ግን አልገጠመውም። እውነቱን ለመናገር ቀናባት። ለሱም ወደዚያ አጥር ጀርባ የሚመልስ መሣሪያ ቢገኝ «በግድ» ለማለት አያመነታም ነበር።

«ነይ» አላት። «ለኔ የነገርሽኝን ለሷ ትነግሪያታለሽ።»

ጣቢያው ድረስ በእግራቸው ሄዱ። ሕሊና ሠናይትን ስታይ ተነሥታ ቆመች፤ ሰምታ ስትጨርስ እንደ እሳት ነደደች። «ሁለት ቀን ሙሉ! እኔ እዚህ ተቀምጬ፣ ስሜ በከተማው ሲዞር፣ አንቺ ዝም!» ሠናይት አልተከላከለችም። ስለ ጉብታው ብቻ ነገረቻት፤ ስለ አባቷ፤ «ቸኮለችብኝ» ስላሉት። ሕሊና ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ባዶ ነው ብዬ እኮ ነው የቆረጥሁት» አለች። «በሁሉም ዘፈኖች ላይ። ስንት ሰው ነው ያስቸኮልሁት?» አሁን ነው ያለቀሰችው።

አቶ ሙላቴ አቤቱታቸውን ተዉት። አስናቀ የሆነውን ሁሉ ሳይጨምር ሳይቀንስ ጽፎ ለዐቃቤ ሕግ ላከ፤ ክፉ ሐሳብ ስላልተገኘ መዝገቡ ተዘጋ። ሳጅን ትእዛዝ ላፕቶፑን በገዛ እጇ መለሰች፤ «ደግሞ ሻይ የጋበዝሁሽን እንዳትረሺ» ብላ። ሕሊና እንዳለችው፣ አራቱ ወር በአንድ ሻይ ጊዜ ተመለሰ፤ ዝምታዎቹን በየቦታቸው መመለስ ግን ሳምንት ፈጀ። ከሞገስ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው አደራንም እንደገና ጻፉት። ዛሬ አደራ ቁልፍ ሲጠየቅ መጀመሪያ «ማን ልበል?» ይላል። ሕሊና አዲስ አበባ የምትሄድበትን ሰኞ በአንድ ወር አስተላለፈች፤ ስሟ ግን ከእንግዲህ የሚከተላት በመልካም ነው።

አስናቀ የአቶ ይሻውን ቃል ለመቀበል ብሎ ከሠናይት ጋር ወደ ጉና ወጣ። መዝገቡ የተዘጋ መሆኑን ሠናይትም ታውቃለች፤ አልጠየቀችውም። ገብሱ እየታጨደ ነው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው ጉብታው ላይ ተቀምጠዋል፤ ስልኩን እንደ ዕንቁላል በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«እንደምን አደሩ፣ አባባ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንዴት አደርህ ልጄ። ቁጭ በል። ልትጀምር ነው።»

ድምፁን ከፍ አደረጉት። የስልኩ ነፋስ ከጉብታው ነፋስ ጋር ተቀላቀለ። የሺ አወረደች፤ ዝም ብላ ጠበቀች። «አለሁ፣ አለሁ ከጎንሽ» አሉ ሽማግሌው፣ በተሰነጣጠቀ ድምፅ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ሁለተኛው ላይ ሳል ያዛቸው፤ ሠናይት ተቀበለችላቸው። ሦስተኛው ሲደርስ ሽማግሌው ዞር ብለው ኢንስፔክተሩን አዩት።

«ተቀበል እንጂ። ደቦ መሃል ቆሞ የሚያይ የለም።»

አስናቀ ሳቅ ሊል ፈልጎ አልመጣለትም። ከስልኩ ውስጥ ሴቲቱ «ስጠራህ ዝም አልህ» ብላ ጨርሳ ጠበቀች። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሌላ ድምፅ ሰማ፤ ከደጅ ቆማ፣ ከገበያ ይዛው የመጣችውን ዘንቢል ሳታወርድ፣ የሁለት ልጆቿን ስም የምትጣራ ሴት።

«አለሁ» አለ።